የገመዱ ጭራ

በከተማችን ልጅ ሁሉ ወንዙን የሚያውቀው በማስፈራሪያ ነበር። ምሳውን አልጨርስም ያለ ለወንዙ ይሰጣል፤ ሲመሽ ቤቱ ያልገባውን ወንዙ መጥቶ ይወስደዋል። እናቴ ወንዙን ስታነሳ ድምጿን ዝቅ ስለምታደርግ፣ ጥርስ ያለው፣ ከአጥሩ ጀርባ ተኝቶ የሚያዳምጠን ነገር ይመስለኝ ነበር። ከተማው የሚጠጣውም፣ የሚታጠበውም፣ የሚያበስልበትም እሱን ነው፤ ይህን ግን ለልጅ የሚነግር አልነበረም።

የነገረችን አክስቴ ናት። የአባቴ ታናሽ እህት ስትሆን መዋዕለ ሕፃናት ታስተምር ነበር፣ ለዚያውም የኔን ክፍል። ቤት ውስጥ አክስቴ፣ የትምህርት ቤቱን በር ስናልፍ ቲቸር። ተሳስቼ ክፍል ውስጥ «አክስቴ» ያልኩ ቀን «አክስትሽ ቤት ናት፤ ማታ ስትመጣ ትነግሪያታለሽ» ብላኝ ልጆቹ ሁሉ ሳቁብኝ። በየዓመቱ ዝናቡ አልፎ ውሃው ሲጠራ ክፍሉን ሰብስባ ወንዝ ታወርዳለች። ስሙንም ማስተዋወቅ ብላዋለች፣ እንደ ሰው። ወላጆች ያጉረመርማሉ። እሷ ግን መልስ አላት፦ «ልጅን የሚወስደው የሚያውቀው ወንዝ አይደለም፤ ተደብቆ ሊያየው የሄደው ነው።»

የምንሄደው በገመድ ነው። ረጅም ገመድ፣ በየክንዱ ርቀት የተቋጠረ፤ አንድ ቋጠሮ ለአንድ ልጅ። የገመዱን ራስ እሷ ትይዛለች። ጭራውን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ወገቡ ላይ አስሮ ከኋላ ይከተላል፤ ሆዱ ሰፊ ስለነበረ ገመዱ ሁለቴ አይዞረውም። መንገዱን ሁሉ «ጭራ?» እያለች ትጠይቀናለች፤ እኛ «አይለቅም!» እንላለን። ሌላው ልጅ ቢለቅ ጭራው ያየዋል፤ ጭራው ከለቀቀ ግን ከኋላው የሚያይ የለም። በሕይወቴ መጀመሪያ ያወቅሁት ሕግ ይህ ነው።

የኔ ተራ በደረሰ ዓመት ጉዞው አንዴ በዝናብ፣ አንዴ በአክስቴ ጉንፋን ቀረ። በሦስተኛው ገመዱን ይዘን ከተሰለፍን በኋላ ዘበኛው ጠፋ፤ ሚስቱን ምጥ ይዟት ሐኪም ቤት ወስዷት ነበር። ዳይሬክተሯ በመስኮት ብቅ ብላ «እንግዲህ ካልሆነ የዘንድሮው ይቅራ» አለች። አክስቴ እኛን አየች። ከፊቴ የቆመው ልጅ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። እሱን ሁላችንም ቁንጫ ነበር የምንለው፤ አንድ ቦታ አይቀመጥማ።

«ወንዝ በማያሻግር ምክንያት ስንቴ ላስቀርባቸው?» አለች አክስቴ ለራሷ። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ኋላ ወሰደችኝ። «አንቺ ጎበዝ ነሽ። ጭራ ትሆኛለሽ።»

ስድስት ዓመቴ ነበር። እንደ ዘበኛው ወገቤ ላይ ላስረው ብል ተንሸራትቶ እስከ እግሬ ወረደ፤ በእጄ ብቻ ያዝኩት። ያን ቀን ከኔ የበለጠ ሹመት ያገኘ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

ከወንዙ ዳር ለከተማው ውሃ የሚስብ የፓምፕ ቤት አለ። ሠራተኛው በሩ ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ሁለመናው ናፍጣ ይሸታል። በሱና በአክስቴ መካከል ያለውን ነገር የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ እናቴ ለጎረቤቷ «እሱስ ከጅሏታል፣ እሷ ናት የምትግደረደረው» ስትል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ገመዱን አስቁሞ ሲያዋራት ልቡን ያወቅሁበት መሰለኝ።

«ዛሬ ቢቀርስ?» አላት።

«ምነው?»

«ላይ ሲያወርደው ነው ያደረው።»

«እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ አንተ ዝናብ ታወራለህ?»

«እዚህ ያለውን አይደለም የምልሽ። ተራራውን እይው።»

እኔም አየሁት። አናቱ ጥቁር ደመና ተከናንቧል፤ ግን ሩቅ ነው፣ እጅግ ሩቅ። አክስቴ ሳቀች። «አንተ ደግሞ ሰበብ አታጣም» አለችው፤ ደስ ያላት ትመስል ነበር። እኔን ቅናት ያዘኝና «ቲቸር፣ እንሂድ!» ብዬ ጮህኩ፤ ልጆቹም ተቀበሉኝ። ሰውየው ከመንገዱ ገለል አለ። ድምፁን የሰማሁት እንደሚለማመጥ ሰው ድምፅ ነበር። አሁን ሳስታውሰው የፈራ ሰው ድምፅ ነው፤ እስከዚያ ቀን የፈራ ትልቅ ሰው አይቼ ስለማላውቅ አልለየሁትም።

ከፓምፕ ቤቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ሜዳ ወንዙን አየሁት። ጥርስ አልነበረውም። በጠፍጣፋ ድንጋዮች መሃል፣ ከታቹ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ እየታየ ይወርዳል። ቅዝቃዜው ገና ሳንነካው ፊታችን ላይ ይመጣል። አክስቴ ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች።

«ይሄ እንግዳ አይደለም» አለችን። «ዛሬ ጠዋት ፊታችሁን የታጠባችሁበት፣ ሻያችሁ የተፈላበት እሱ ነው። ከዚያ ከተራራው ተነስቶ እናንተን ፍለጋ ነው የመጣው። እሱ ያውቃችኋል፤ እናንተ ናችሁ የማታውቁት። በሉ፣ ማን እንደሆናችሁ ንገሩት።»

ሁለት ሁለት እየሆኑ ቀረቡ፤ የቀረው ገመዱን ይዞ ይጠብቃል። አንዷ «እኔ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ነኝ» አለችው። አንዱ «እኔ የነርሷ ልጅ ነኝ፤ ግን መርፌ አልወጋም» ብሎ አረጋጋው። እጃቸውን ነክረው እየጮኹ ይመለሳሉ። ቁንጫ ተራው ሲደርስ አጎንብሶ «እኔ ቁንጫ ነኝ፤ አንተስ?» አለና መልስ ሊሰማ ጆሮውን ወደ ውሃው አስጠጋ። አክስቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፣ ከዚያ ወዲህ የለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ቁርጥራጭ ነው። የገመዱ ጭራ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ይታየኛል፤ እንዴት ከእጄ እንደወጣ አላውቅም። እጆቼ ውሃ ውስጥ ናቸው፤ ቅዝቃዜው እስከ ክርኔ ያመኛል፣ ደስም ይለኛል። ከዚያ ውሃው ወተት እንደገባበት ሻይ ደፈረሰ። ጭራሮ አለፈ፣ አረፋ ተከተለው፣ ከላይ በኩል የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። አክስቴ «ገመዱን!» ብላ ጮኸች። ልጆቹ ቋጠሯቸውን ይዘው ወደ ዳር ተጎተቱ፤ እኔም ሮጥኩ። ቁንጫ ግን አንድ ጫማው ተንሳፍፎ ሄዶበት እሱን ይከተላል። ዞሬ አየሁት፤ ይስቅ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ ሰዎች ነገር ለማሳመር ነው የሚሉት። እኔ በሰማሁት ቁጥር የሱን ፊት ነው የማየው።

ያወጣው የፓምፕ ቤቱ ሰውዬ ነው። ልጁ ውሃ መሳቢያው አፍ ላይ ባለው የብረት ፍርግርግ ተይዞ ነበር፤ ሰውየው ገብቶ ሲጎትተው ተንሳፍፎ የመጣ ግንድ ቀኝ እጁን ከብረቱ ጋር ጨፈለቀው። ቁንጫ እግሩ ተሰብሮ ዳነ። የሰውየው ጣቶች አልዳኑም።

በማግስቱ ከዳይሬክተሯ ቢሮ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ኮሪደሩ ጠመኔና የወለል ሰም ይሸታል። እግሬ መሬት አይደርስም። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ የወላጆች ኮሚቴ ተቀምጧል፣ ወንበር ይንቋቋል፣ ሰው ያስላል። «ከኋላ የነበረው ማነው?» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። ከዚያ አክስቴን ሰማኋት፤ የክፍል ድምጿ አልነበረም።

«ጭራውን የያዘችው ልጅ ለቀቀችው።»

«የወንድምሽ ልጅ?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ሕፃን ናት፣ ምን ይደረጋል» አለች ዳይሬክተሯ፤ ወንበሮቹ ባንዴ ተንቋቁ።

አክስቴ ስትወጣ አየችኝና ክው አለች። ተንበርክካ የሹራቤን ቁልፎች ትቆልፍልኝ ጀመር። ተቆልፈው ነበር፤ ፈትታ ደግማ ቆለፈቻቸው፣ ያውም አዛንፋ። «አክስቴ፣ ይቅርታ» አልኳት። «ሁለተኛ አልለቅም።» አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣትም። ከዚያ አጥንቴ እስኪንቋቋ አቀፈችኝ፤ ትከሻዬ ረጠበ። ይቅር አለችኝ፣ አልኩ በልቤ።

ያን ይቅርታ ይዤ አደግሁ። አክስቴ ማስተማሩን ተወች፤ በኔ ምክንያት አባረሯት አልኩ። ማንም አላባረራትም፤ የልጆች ገመድ ደግማ መያዝ ያቃታት ራሷ ናት። የፓምፕ ቤቱን መንገድ ትታ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመረች፤ ባል ሊሆናት የነበረውንም ሰው አሳጣኋት አልኩ። ቤቷ የስፌት መኪና አስገብታ ለሰው ትሰፋለች፤ ከሰው ሁሉ በፊት ግን ለኔ። ትምህርት በተከፈተ ቁጥር አዲስ ቀሚስ፣ ኪሱ ጥልቅ፣ ጠርዙ እጥፍ። ሲያመኝ አልጋዬ ግርጌ የምትቀመጠው እሷ ናት። እናቴ አንዳንዴ ይከፋትና «ለመሆኑ የወለድኩሽ እኔ ነኝ ወይስ እሷ?» ትለኝ ነበር። እኔም ለአክስቴ ያልሆንኩላት የለም። ስትጠራኝ ሁለቴ አስጠርቻት አላውቅም። ያን ሁሉ ጥፋት ይቅር ላለች ሴት ይህ ምኑ ይበዛል?

ቁንጫ አድጎ ታክሲ ነጂ ሆነ። ትንሽ ያነክሳል፤ መሪ ሲይዝ አይታወቅበትም። ባገኘኝ ቁጥር ጥሩምባውን እየነፋ «ጭራ! እንዴት ነሽ?» ይለኛል። ከዚያ ጉድ እሱ የሚያስታውሰው አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ብቻ ነው። እኔ ግን ጥሩምባውን ስሰማ ቀና ብዬ ማየት ያቅተኛል፤ በታክሲው ጭኖኝ ሒሳብ አልቀበልም ሲለኝ ደግሞ ይብሳል።

ዕጣዬ ሆኖ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ገባሁ። ወንዙን በጠርሙስ ነው የማውቀው፤ ናሙና ቀጂው ያመጣዋል፣ እኔ ድፍርሱንና ተህዋሲያኑን እመረምራለሁ። ወንዝ ዳር ውረጂ ሲሉኝ አንዴ ራሴን ያመኛል፣ አንዴ ጫማዬ አይመችም። ባለፈው ወር የልጄ መምህርት ክፍሏን ወደ ወንዙ ልትወስድ መሆኑን ስትነግረኝ «የኔዋ ትቀራለች» አልኳት። ልጄ አኩርፋ እራቷን አልበላም አለች።

«ወንዙ ምን አድርጎሽ ነው?» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ ብዪ፤ አለዚያ ለወን…» ብዬ አቋረጥኩት። የእናቴን ቃል ልደግምላት ነበር።

በዚያው ሳምንት ናሙና ቀጂው ታሞ ቀረ። ሌላ ሰው ጠፋ፣ ሰበብም አለቀብኝ፤ ጠርሙሶቹን ይዤ ወረድኩ። የፓምፕ ቤቱ ሰውዬ አሁን ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይቷል፤ ግን ልማድ ሆኖባቸው ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጣሉ። ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ስንት ዓመት ልላቸው የፈለግሁትን በአንድ ትንፋሽ አልኩት።

«ጋሼ፣ ያኔ ጭራውን የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እንዲህ ያለሽ ማነው?»

«ማንም አላለኝም። አውቀዋለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው? ሆዴ አልችል ብሎኝ እዚሁ በር ላይ ቆሜ ሳያችሁ ነበር። አክስትሽ ከውሃው ውስጥ ሆና በእጇ ጠራችሽ፤ አንቺ ገመዱን ደረትሽ ላይ ይዘሽ እምቢ አልሽ። ደግማ ጠራችሽ። ሁለቴ ነው የጠራችሽ። ከዚያ በኋላ ነው አስቀምጠሽ የሄድሽው። ደግሞስ የስድስት ዓመት ልጅን ጭራ አድርጎ ወንዝ የሚያወርድ ማነው? ያውም ተነግሮት?»

«ታዲያ ለኮሚቴው ለምን አልነገሩም?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ? ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር። ስወጣ ነገሩ ተዘግቷል አሉኝ። በማን ላይ እንደተዘጋ አልጠየቅሁም።» እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አዩት። «መጠየቅ ነበረብኝ።»

ጠርሙሶቹን ሳልሞላ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ተናድጄ ሄድኩ። እነዚያን ቀሚሶች አንድ በአንድ አሰብኳቸው፤ ይቅርታ መስሎኝ የለበስኩት ካሳ ነበር። እኔ እሷን ስክስ፣ እሷ እኔን ስትክስ ነው የኖርነው፤ ልዩነቱ እሷ ታውቅ ነበር። ወዲያው ደግሞ ንዴቴ ራሱ አሳፈረኝ፤ አልጋዬ ግርጌ የተቀመጠችው ሴት እኮ ይህችው ናት። በልቤ ስረግማት እንኳ «አክስቴ» እያልኩ ነበር።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የምትቆየው እሷ ዘንድ ነው። ስገባ አክስቴ መነፅሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ትሰፋለች፤ ልጄ ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለቅማለች። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ቃል ሳልጀምር ከልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ። የጀመረችው ልጄ ናት።

«እማማ፣ ወንዙ እናቴን ምን አድርጓት ነው የማትወደው?»

የስፌት መኪናው ቆመ። አክስቴ አንዴ ፊቴን አየችው፤ የሰማሁትን ነገር ያነበበችው ይመስለኛል። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ ተናገረች።

«ወንዙ ምንም አላደረጋት። ያደረግኋት እኔ ነኝ።»

«ምን አደረግሻት?»

«ያጠፋሁት እኔ ሆኜ ሳለ፣ እሷ ናት አልኩ። ሰው እንዳይቆጣኝ ፈርቼ።»

«ትልቅ ሰው ሆነሽ?»

«ትልቅ ሰው ሆኜ።»

«ታዲያ ይቅርታ በያታ» አለች ልጄ፤ ጨርቅ መልቀሟን ቀጠለች።

አክስቴ መነፅሯን አወለቀች። «ቁልፍሽን የቆለፍኩልሽ ቀን» አለችኝ፣ «ይቅርታ ስትይኝ፣ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ መጣ። በነጋ ቁጥር እየከበደኝ ሄደ። ይቅር ያልኩሽ መስሎሽ ስትስሚኝ ምላሴ ይታሰራል። ይኸው እስከ ዛሬ።»

«ስድስት ዓመቴ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «አውቃለሁ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላልኳትም። አልወጣ አለኝ፤ እስካሁንም በቅጡ አላልኳትም፣ እሱም በተራው ይበላኛል። አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነው፦ «ቅዳሜ ልጄን ከወንዙ ጋር ታስተዋውቂልኛለሽ።»

ቅዳሜ ስንደርስ ገመድ ሠርታ ጠበቀችን። የተረፈ ጨርቅ ሁሉ ገምዳ በየክንዱ ርቀት ቋጥራዋለች፤ መሃሉ ላይ የልጅነት ቀሚሶቼን ቀለም ለየሁ። ትራፊያቸውን እስከዛሬ አልጣለችም። በፓምፕ ቤቱ በኩል ሄድን። ስንት ዓመት ያልረገጠችው በር ላይ ቆማ ሽማግሌውን «ዛሬስ ይቻላል?» አለቻቸው። እሳቸው ተራራውን አዩ፣ ረጋ ብለው አዩት። «ዛሬ ይቻላል» አሉ። እጃቸውን አይታ አንገቷን ደፋች።

«ጭራው ማነው?» አለች ልጄ።

«እኔ ነኝ» አለች አክስቴ። ገመዱን ወገቧ ላይ አዞረችው፤ በጣም ከስታለች፣ ሁለቴ ዞሮም ተረፈ፤ ትራፊውን በእጇ ያዘችው። የገመዱን ራስ እኔ ያዝኩ። ልጄ መሃል ሆና መንገዱን ሁሉ «ጭራ?» እያለች ትጠይቃለች፤ ከኋላ ያረጀ ድምፅ «አይለቅም» ይላታል።

ውሃው ያንኑ ጠጠር ያሳያል። ልጄ እጇን ነክራ ጮኸች፤ ደግማ ነከረች። «እኔ የላቦራቶሪዋ ልጅ ነኝ፤ በጠርሙስ ታውቃታለህ» አለችው። እኔም አጠገቧ ተንበርክኬ እጆቼን አስገባሁ፤ ቅዝቃዜው እስከ ክርኔ መጣ። ዞር ስል አክስቴ ዳር ድንጋዩ ላይ ቆማለች፤ የምታየው ውሃውን ሳይሆን እኛን ነው። በእጄ ጠራኋት። አልተነቃነቀችም። «ነይ እንጂ አክስቴ፣ አስቀምጪውና ነይ» አልኳት።

ሁለቴ ጠራኋት። ገመዱን ደረቷ ላይ ይዛ እምቢ አለች።